ከበሮ በእግር ይሰማል

ውድ ልጄ አሰጋሽ፣

ይህን ወረቀት እናትሽ በእጇ ትሰጥሻለች። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አርሴማ ጭንሽ ላይ ካለች ለእናትሽ አቀብያት፤ ወረቀት መቅደድ እንደምትወድ አውቃለሁ፣ እኔ ደግሞ ይህን ድጋሚ ለመጻፍ አቅም የለኝም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንዱን የቀደድኩት ጥፋቴን ልናዘዝ ተቀምጬ ራሴን ማመስገን ስጀምር እጅ ከፍንጅ ስለያዝኩት ነው። አባትሽን ታውቂው የለ።

ከፋሲካ ወዲህ አላናገርሽኝም። እውነትሽን ነው። ለእናትሽ ትደውያለሽ፣ እሷ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፣ ተመልሳ “ደህና ናቸው” ትለኛለች። ከዚያ በላይ ስጠይቃት ያልነበረ ሥራ ትፈጥርና ትነሣለች። አንድ ልመና አለኝ፤ የልጅሽን ፊት እንዳይ እንድትፈቅጂልኝ ነው። ግን ሳይናዘዙ መለመን ነውር ስለሆነ መጀመሪያ የማታውቂውን ልንገርሽ። የማታውቂው ብዙ ነው።

ከምታውቂው ልነሣ። አንቺና ባልሽ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ስትሠሩ ልጅቷን የሚይዝላችሁ ጠፍቶ፣ ጡት እንደጣለች ለእኛ ሰጣችሁን። አምባሰል ላይ እንደሷ የተቀማጠለ ልጅ አልነበረም። ጠዋት ዜማ ሳስተምር መጥታ ከተማሪዎቼ መሐል ትቀመጣለች። እነሱ “የኔታ” ሲሉኝ ሰምታ “ኔታ” ትለኝ ጀመር። ሃሌ ሉያ ሲሉ እሷ የመጨረሻዋን ጠብቃ “ሉያ” ትላለች፤ ያውም ድምፁን ሳትስት። የሁለት ዓመት ከምናምን ወር ልጅ! “ይቺ የኔን ጆሮ ወርሳለች” ብዬ ለገበያተኛው ሁሉ አወራሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አብረውኝ ለተማሩት ሁሉ ሳይቀር ወሬውን ላክሁላቸው።

ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። አንገቷ ደረቀ፣ ብርሃን ጠላች፣ ስናቅፋት ትጮኻለች። እኔ ጠበል አልኩ፣ እናትሽ ሐኪም አለች። ያን ቀን እንኳ እግዚአብሔር ረድቶኝ ሰማኋት። በጀርባዬ አዝያት እስከ አስፋልቱ ወረድን፣ ከዚያ መኪና ይዘን ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ እዚያ አይተዋት ወዲያው ወደ ደሴ ሰደዱን። ማጅራት ገትር ነው አሉ። አንቺ የሥራ ጋዋንሽን ሳታወልቂ መጣሽ። አሥራ አራት ቀን አልጋዋ ሥር ከረምሽ፤ አንዴም ጫማሽን ስታወልቂ አላየሁም። ተረፈች። ኮሪደሩ ላይ ሦስታችን ተቃቅፈን ስናለቅስ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሞተችባቸው ብሎ ያዝንልን ነበር።

ስንወጣ ነርሷ የነገረችንን ቃል በቃል አልረሳሁትም። ይህ በሽታ ሲሄድ የልጅ ጆሮ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ልጅ ደግሞ አልሰማም ብሎ አይናገርም፤ ስለዚህ ደህና ብትመስልም በአራት ሳምንት ውስጥ ጆሮዋ በመሣሪያ ይመርመር፤ ምልክት እስክታሳይ አትጠብቁ። ቀኑን ጽፋ ሰጠችን። የአንቺ ፈቃድ አልቋል፣ አንድ ቀን ብትጨምሪ ከሥራ ትባረሪያለሽ። ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀምጠሽ “አባባ፣ ይህን ቀን አደራ” አልሽኝ። ድጓዬ ውስጥ ከተትኩት። ድጓ ውስጥ የገባ ወረቀት አይጠፋም አልኩሽ። አልጠፋም። ጠፍቶ ቢሆንማ ምናለ። በየጠዋቱ ድጓውን ስገልጥ ያ ወረቀት ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ ቅጠሉን አልፈዋለሁ።

ቀኑ ሲደርስ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ዜማ ሊማር የመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጆሮው በእኔ እንደሚፈተን ታውቂያለሽ። አንድ ድምፅ አወጣለሁ፣ መልስልኝ እለዋለሁ፤ ከመለሰ ይቀመጣል፣ ካልመለሰ ቅኔ ቤት ሂድ እለዋለሁ። ይህን አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። እና “ከእኔ የበለጠ ጆሮ መርማሪ ደሴ ላይ አለ እንዴ?” ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አርሴማን ተማሪዎቼ በሳንቃ ባነጠፉት የማስተምርበት ጎጆ ወለል ላይ ፊቷን ወደ በሩ አድርጌ አስቀመጥኳት። እኔ ከኋላዋ ከበሮውን መሬት አስደግፌ መታሁ። ዘወር አለችና ሳቀች። ደገምኩ፤ ዞረች። መቋሚያዬን ወለሉ ላይ ደቃሁ፤ ዞረች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እናትሽን ጠራኋት። አየችና ቀስ ብላ “እኔ ስጠራት ግን አትዞርም” አለች። ከሞት አፍ የወጣች ልጅ ናት፣ ትንሽ ብታኮርፍ ምን ይገርማል አልኳት። “ሳህን ወድቆ ሲሰበርም አልዞረችም” አለች። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኳት። እሷ እንደሁ ክርክር አትወድም፣ ትታኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማታ ስትደውዪ “ተመረመረች?” አልሽ። “ተመርምራለች፣ ደህና አድርጋ ትሰማለች” አልኩሽ። ማን መረመራት ብለሽ አልጠየቅሽም፣ እኔም አልነገርኩሽ። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንቺ በስልኩ ውስጥ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ” ብለሽ በደስታ አለቀስሽ። ያ ለቅሶሽ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ከበሮው ተሰቀለ። ከበሮው ሲሰቀል አርሴማ ለምንም ነገር መዞር ተወች። አሁን ሳስበው እንደ ፀሐይ የጎላ ነገር ነው፤ ያኔ ግን ለሁሉም ምክንያት አገኘሁለት። ግቢ ውስጥ ስትሄድ ትንገዳገዳለች፤ ከበሽታው ድካም ነው አልኩ። ቃሎቿ አንድ በአንድ ጠፉ። መጀመሪያ “ሉያ” ሄደች። “ውኃ” የምትለው “ኡ” ብቻ ሆነ። መጨረሻ ላይ “ኔታ” ቀረች፤ እሷም እየሳሳች እየሳሳች ሄዳ አንድ ቀን የለችም። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? “ይቺ ልጅ ሱባኤ ገብታለች” ብዬ ከተማሪዎቼ ጋር ሳቅሁ። ወይ እኔ!

የፋሲካውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ እንዴት እንደማስታውሰው እወቂልኝ። ገና ከበሩ ስትገቢ “አርሴማዬ!” ብለሽ ጠራሻት። ጀርባዋን ሰጥታሽ በጠጠር ትጫወታለች። ደግመሽ ጠራሻት። እጅሽ ላይ የያዝሽው ዘንቢል ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። እኔ ቶሎ ብዬ ነይ ላሳይሽ አልኩሽ፤ ጾሙ ተፈቷል፣ ከበሮው ወርዷል። ጎጆው ውስጥ አስቀምጬ መታሁላት፤ ዞረች። “ይኸው!” አልኩሽ አፌን ሞልቼ። አንቺ ሄደሽ ልጅቷን ከወለሉ አነሣሻት፣ ደረትሽ ላይ አቀፍሻት፣ ጀርባዋን ወደ እኔ አደረግሽና “አሁን ይምቱ” አልሽኝ።

መታሁ። ልጅቷ የአንገትሽን ማተብ በጣቷ ታገላብጣለች። አልዞረችም።

ያኔ ያልሽኝን ልጻፈው፣ እንዳትረሽው ሳይሆን እንዳልረሳው። “አባባ፣ እርስዎ ያመኑት የሷን ጆሮ አይደለም፣ የራስዎን ጆሮ ነው” አልሽኝ። ከዚያ ልብሷን ሰብስበሽ ሄድሽ። እናትሽ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻችሁ። እኔ ከጎጆው አልወጣሁም።

እስከዚህ ታውቂዋለሽ። አሁን የማታውቂው ይመጣል። ይህን እናትሽም የሰማችው በዚህ ወር ነው።

አሰጋሽ፣ እኔ አልሰማም። ከዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉብኝ። ወፍ ቀነሰ ብዬ ደን ቆራጩን ወቀስኩ። ቀጥሎ ተማሪዎቼ ርክርክ ሲያወርዱ፣ ያ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድበት ቦታ፣ ጅማሬውን ብቻ እሰማና ቀሪው ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ? ፊት ለፊቴ ተቀመጡ ማለት ጀመርኩ፤ ከንፈራቸውን አያለሁ። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ሲመጣ “ዋጥ ዋጥ አታድርግ” ብዬ እቆጣለሁ፤ ሰዉ ቁጡ ሆነ አለ፣ ቁጡ መባሉን መረጥኩ። አንቺ ስትደውዪ ሁለት ቃል አውርቼ ስልኩን ለእናትሽ የምሰጠው ጨዋታሽን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። በስልክ ፊት አይታይም። “እሺ” ያልኩሽ ነገር ሁሉ ግማሹ ያልሰማሁት ነበር። ለዚህ ነው ዛሬም የምጽፍልሽ፤ ይቅርታ ስጠይቅሽ የምትመልሽልኝን ሳልሰማ እሺ ልልሽ አልፈልግም።

እንግዲህ ደሴ ያልወሰድኳት በትዕቢት ብቻ እንዳይመስልሽ። ትዕቢቱማ ሽፋን ነው። ፈርቼ ነው። እዚያ ክፍል ከገባሁ አንዱ ወጣት “አባት፣ እርስዎም አንዴ ይቀመጡ” ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ዜማ መምህር ሆኖ ጆሮ የሌለው ምን ይባላል? ማን ልጁን ይልክልኛል? የራሴን ገመና ልሸፍን ብዬ የልጅቷን ጆሮ ሸፈንኩ። ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚከፋ ነገር በሕይወቴ አልሠራሁም።

ሰኔ ላይ እናትሽ ከስልኩ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። አሁንስ ሳትነግሪኝ አትነሺም ብዬ በር ላይ ቆምኩባት። ነገረችኝ። የቀኝ ጆሮዋ ጭራሽ የለም፤ የግራው ጥቂት ቀርቶለታል፤ መስሚያ መሣሪያ ተደርጎላታል፤ እሷ ግን በጆሮዋ ባስገባሽላት ቁጥር ነቅላ ትወረውራለች፤ አንዴ መታጠቢያው ውስጥ ጥላው ለጥቂት ተረፈ፤ አንቺ ደግሞ ከሥራ ተመልሰሽ ከሷ ጋር ስትታገዪ ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ። ይህን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልኩም። በማግስቱ ሐይቅ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና ደሴ ገባሁ። ያንን የቀጠሮ ወረቀት ከድጓው አውጥቼ ይዣለሁ።

ጆሮ የሚመረምረው ልጅ ሀሚዱ ይባላል፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የተወለደ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ወረቀቱን አየው፣ አገላበጠው፣ ጢሜን አየ። “ዕድሜ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ይላል” አለኝ። ዘግይቼ ነው አልኩት። አልሳቀብኝም። ወንበር ሰጠኝ፣ በሩን ዘጋ፣ ማን እንደሆንኩና ምን እንደሠራሁ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ስጨርስ ያ የፈራሁት ነገር መጣ። “መሪጌታ፣ እስቲ እርስዎም አንዴ ይቀመጡ” አለኝ።

ትንሽ ክፍል ናት፣ መስታወት አላት። እሱ ከመስታወቱ ማዶ ይቀመጣል፣ እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ እጄ ላይ ቁልፍ ይዤ። ድምፅ ሲሰማዎት ይጫኑ ብሎኛል። እኔ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እጫናለሁ። ሰውነቴ የለመደው ነው፤ ልሸውደው አስቤ እንኳ አይደለም። ጥቂት ከሄደ በኋላ ሀሚዱ ማዳመጫውን አስወልቆኝ “መሪጌታ፣ በዓይንዎ እየሰሙ ነው” አለኝ። ተመልሶ ሄዶ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ዝም ሆነ። ቁልፏን ይዤ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልጁ ድምፅ እየላከልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የሚደርሰኝ ግን የለም። ያኔ አርሴማን ጠጠር ስትጫወት አየኋት። እኛ ከኋላዋ ስንጠራት፣ ስንስቅ፣ ስንቆጣ፣ እሷ እዚያ ዝምታ ውስጥ ነበረች፤ ማንም አልነገራት። ብቻዬን አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

ሀሚዱ ወጥቶ በወረቀት ላይ ቁልቁለት የመሰለ መስመር አሳየኝ። ወፍራሙ ድምፅ ይሰማዎታል፣ ቀጭኑ አምልጦዎታል አለኝ። እኔ ግን ስለ ራሴ መስማት አልፈለግሁም። ከበሮው ስመታው ለምን ዞረች? ብዬ ጠየቅሁት። እሱ እጄን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር በጣቱ አንኳኳ። መዳፌ ላይ ደረሰኝ። “ከበሮ በእግርም ይሰማል፣ መሪጌታ” አለኝ። “የዞረው ገላዋ ነው፤ ጆሮዋ አይደለም።”

ከዚያ መጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅሁት። በቀኑ ባመጣት ጆሮዋ ይተርፍ ነበር ወይ አልኩት።  የሚያጽናናኝ መልስ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሰጠኝም።

“ጆሮዋን የወሰደው በሽታው ነው” አለኝ። “ያንን እርስዎ አይመልሱትም ነበር። ግን ሦስት ወር ያህል መሣሪያም፣ የእጅ ምልክትም፣ ፊቷ ቆሞ የሚያናግራት ሰውም ሳይኖራት ተቀምጣለች። በዚያ ዕድሜ ቃል የሚጠፋው እንደዚያ ነው። ዘግይተው የሚመጡት ደግሞ አንዳንዶቹ የውስጥ ጆሯቸው ደንድኖ፣ ለሕክምና አስቸግሮ እናገኘዋለን፤ ለዚህ ነው አትጠብቁ የምንለው። የአርሴማ ግራ ጆሮ ግን መዝገቧ ላይ እንዳየሁት ገና አልደነደነም፤ ኢንሻአላህ እንሠራበታለን።”

ይህን ሳላሳምረው የጻፍኩልሽ በደሌን በልኩ እንድታውቂው ነው። ያላጠፋሁትን አልወስድም፣ ያጠፋሁትንም አልጥልም። ሦስቱን ወር የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ለእኔም መሣሪያ ተሰጠኝ። ባቄላ የምታህል ነገር ናት፣ ከጆሮ ኋላ ትቀመጣለች። ሀሚዱ አስገብቶልኝ ወጣሁ። ወይ ጉድ! ደሴ እንዲህ ትጮኻለች እንዴ? ባጃጁ፣ የሚኒባስ ረዳቱ፣ የሴቶች ጫማ፣ የራሴ ጥምጣም ጆሮዬ ላይ ሲፋተግ! ሁሉም እኩል መጣብኝ። ጥግ ይዤ ቆምኩ፣ ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ! ያኔ የአርሴማ ነገር ገባኝ። አጥፊ ሆና አይደለም የምትወረውረው። ያማል፣ አሰጋሽ። ዝምታ ለለመደ ሰው ድምፅ ያማል። ተመልሼ ሄጄ ለሀሚዱ ነገርኩት። ሳቀና የዚህን ያህል ጥሩ አድርጎ የነገረኝ ታካሚ የለም አለ። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት፣ ጥቂት ጥቂት፣ ነገ ከዛሬ ትንሽ በለጥ፤ ሕፃንም ሽማግሌም እንዲሁ ነው የሚለምደው ብሎ መከረኝ። አንድ ነገር ጨመረ፤ ልጅ ብቻዋን የምታደርገው ነገር ቅጣት ይመስላታል፣ ከቤቱ ትልቅ ሰው ሲያደርገው ያየች ልጅ ግን ቶሎ ትለምዳለች አለኝ። ይህን ሲናገር እኔን እያየ አልነበረም፤ የተናገረው ግን ለእኔ ነው።

ቤት ገብቼ እናትሽን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ መሣሪያዋን አደረግሁና አናግሪኝ አልኳት። “ምን ልበልህ?” አለች። ልጄ፣ የእናትሽ ድምፅ አርጅቷል። እኔ ሳላውቅ። ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የዛሬ ስድስት ዓመቱ ድምፅዋ ነው፤ አሁን እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሸሽ ይላል፣ ያምራልም። ቀኑን ሙሉ አስወራኋት። “አብደሃል” አለችኝ፣ እሱንም ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

የቀረኝ ተማሪዎቼ ነበሩ። አንድ ሳምንት ፈራሁ። ጥምጣሙን ወደ ጆሮዬ ዝቅ አድርጌ ላስተምር አሰብኩ፤ ከዚያ ገና ሌላ ሽፋን ልፈልግ ነው ብዬ አፈርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበሰብኳቸው። ጥምጣሜን አውልቄ አሳየኋቸው፣ ስድስት ዓመት እንዳታለልኳቸው ነገርኳቸው፣ ሌላ መምህር መፈለግ የሚፈልግ በረከቴ ይከተለው አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሁሉም አለቃ የሆነው ዲያቆን ዝናው፣ ታውቂዋለሽ፣ ያ ዝምተኛው፣ ብድግ አለና “የኔታ፣ እኛ እኮ ጮክ ብለን ማዜም ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን” አለኝ።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ስላዘዝኳቸው ብቻ አይደለም፤ ከንፈራቸው እንዲታየኝ ብለው ነው። እኔ የሳትኩትን ዝናው ማታ ማታ ያርምላቸው ነበር። እንደደበቅሁ የማምነው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምነው አልነገራችሁኝም አልኩ። “ይቆጣሉ ብለን ፈርተን” አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። አየሽ፣ የሚሸከሙኝ ሰዎች በዙሪያዬ ሞልተው ነበር፤ ልጅቷን የሚሸከማት ግን አልነበረም፣ ምክንያቱም በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ዝናው ተማሪዎቹን እስከ መስከረም ይይዝልኛል። እኔ ሥራ የለኝም። አንቺ ፈረቃ ስትገቢ አርሴማን ልያዛት። ሀሚዱ ያስተማረኝን በወረቀት ጽፌ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዝቅ ብዬ ከፊቷ ትክክል እሆናለሁ፣ ብርሃን ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አደርጋለሁ፣ ከመጥራቴ በፊት ትከሻዋን እነካለሁ። የእጅ ምልክትም ጀምሬአለሁ፤ ውኃ፣ ነይ፣ በቃ፣ አመመሽ ወይ፣ እነዚህን አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እኔ የኔን ሳደርግ ታየኛለች። ከዚያ የሷን። ነቅላ ከወረወረችው እኔም የኔን እነቅላለሁ፣ ሁለታችንም ትንሽ አርፈን እንደገና እንጀምራለን። ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ መታገሥ አይችልም፤ እኔ እችላለሁ። ደሴ ወዳላት የመስከረም ቀጠሮ እኔው እወስዳታለሁ፣ አንቺም ማታ ማን መረመራት ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።

ዜማዬን እንድትወርስልኝ አይደለም። ያ ፉከራ አልፏል። በአፏ ብትናገር እሰየው፤ በእጇ ብትናገር እጄን አስለምዳለሁ፤ እንደሷ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ብንልካት ቦርሳዋን እይዛለሁ። ብቻ ሁለተኛ ማንም ከኋላዋ ሆኖ እንዳይፈትናት። ከፊቷ መሆን እፈልጋለሁ።

ይቅር በይኝ ልጄ። ያቺን “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለሽ ያለቀስሽባትን ማታ ይቅር በይኝ።

ይህን ስታነቢ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ከቆርቆሮ በራችሁ ውጭ ጥላው ሥር ተቀምጫለሁ። እናትሽ ብቻዋን እንድትገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ፊቴን አይተሽ ሳታስቢበት ይቅር እንዳትይኝ ብዬ ነው። ገና ነው ካልሽ ንገሪያት፣ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ፣ አልቀየምሽም፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ። ግቡ ካልሽ ግን ወጥተሽ መጥራት አያስፈልግሽም። የበሩን መቀርቀሪያ ቀስ አድርገሽ ሳቢው ብቻ፤ እሰማዋለሁ።

አባትሽ
ተክለ ማርያም